ለጓሮ ጎመን የወጣ ወንፈል

አረም በዝናብ ጊዜ በቀላሉ ይነቀላል የሚባለው ውሸት ነው። ይህን ሲሉ የሰማኋቸው ሰዎች ሁሉ ወይ አርመው አያውቁም፣ ወይ ደግሞ ያረሙት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሌላው ሲያርም እያዩ ነው። እርግጥ በሐምሌ መሬቱ እንደ ገንፎ ስለሚላላ አረሙ ሲስቡት ይመጣል። መምጣቱንስ ይመጣል፤ ችግሩ ተመልሶ መሄዱም የዚያኑ ያህል ቀላል መሆኑ ነው። ነቅለህ መደቡ ዳር ትጥለዋለህ። ሌሊቱን ይዘንባል። ጠዋት ስትወጣ በጣልክበት ቦታ ሥር ሰድዶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ከትናንቱ ይልቅ ደስ ብሎት ይጠብቅሃል። ቦታ ቀየርክለት እንጂ አልነቀልከውም።

ማረም መንፈስን ያድሳል የሚሉም አሉ። ለእነዚህ መልስ የለኝም። ወገቤ መልስ አለው፤ ግን ለኅትመት አይሆንም።

አሁን አንባቢ "አንተ ደግሞ መቼ አርመህ ታውቃለህ?" ማለቱ አይቀርም። የእኔ ሥራ ማንበብና መጻፍ ነው፤ እጄ ላይ ያለው ብቸኛ እባጭ ከብዕር የመጣ ነው። ታዲያ ሰበታ ድረስ ምን አመጣህ ብትሉኝ፣ ክርክር አመጣኝ። አማቴ ቤት እራት ላይ ተቀምጠን ሳለ አማቴ ድምፃቸውን ጠርገው፣ "የከተማ ሰው ከከተማ ከወጣ አለቀለት፤ አንድ ክረምት አይችልም" አሉ። የዚያን ዕለት "ገጠር መኖር ደስ ይላል" ብለው ጀምረው ቢሆን ኖሮ እኔም የአስፋልትን ጥቅም ሳስረዳ አምሽቼ፣ ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ እግሬን ዘርግቼ እኖር ነበር። እሳቸው ግን አይችልም አሉ። እኔ ደግሞ አይቻልም የተባለ ነገር ሲሰማ ምላሱ የሚያሳክከው ሰው ነኝ። ከጓሮው ቀጥፎ የሚበላ ሰው ብቻ ነው ሰው፤ ጎመን ከገበያ የሚያስመጣማ እስረኛ ነው፤ የጥንት ጠቢባን ሁሉ አትክልተኞች ነበሩ እያልኩ ስናገር አመሸሁ። በማግስቱ ሳስበው ከጠቢባኑ አብዛኞቹ አትክልተኛ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ግን ከአፌ ወጥቷል።

እንዲህ ሆነና ሰበታ፣ ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ፣ ጓሮ ያለው ቤት ተከራየሁ። ባለቤቴ አስካለ ዕቃውን ስታወርድ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ። እሷ ብዙ አትናገርም፤ እኔ ለሁለታችንም ስለምናገር ተራ አይደርሳትም።

"ፍልሰታን ከዚህ ጓሮ ከበላን እንቀመጣለን" አለች። "ካልበላን መስከረም ላይ ወደ አባዬ ግቢ እንመለሳለን።"

የአባዬ ግቢ የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ልክ መሆናቸው የተረጋገጠላቸው ዕለት ደግነታቸው የሚቻል አይደለም። እራት በቀረበ ቁጥር ወጡን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ "ብላ እንጂ ልጄ፤ ሰበታ የሚበላ አልነበረም አይደል?" ሲሉኝ ገና ከአሁኑ ይሰማኛል። ያንን ለመሸሽ ስል እንኳን ጎመን፣ ዋርካ ባበቅል አይገርምም።

ሦስት መደብ ጎመን በሰኔ ተከልን። አራተኛውን መደብ እኔ ለብቻዬ ይዤ ቆስጣ አበቀልኩበት። ስለ ቆስጣው ቆይቼ እመጣለሁ፤ ብችል ባልመጣ ደስ ይለኝ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ከወጨጫ ተራራ ራስ ላይ ደመናው እየተንከባለለ ይወርድና ጓሯችን ላይ ይቀመጣል። ሌላ ቦታ ዝናብ ይዘንባል ይባላል፤ እኛ ጋ ግን ይኖራል። ከዝናቡ ጋር ሙጃው መጣ። ሰርዶው መጣ። ስሙን የማላውቀው፣ ሱሪ ላይ እየተለጠፈ ቤት ድረስ የሚከተል ደግሞ መጣ። አንድ ቀን ጠዋት በመስኮት ብመለከት ጎመኑ የለም። እንዳለስ አለ፤ ግን በአረሙ መካከል፣ በመርካቶ ግርግር እናቱ እንደጠፋችበት ሕፃን፣ ጫፉ ብቻ ብቅ ጥልቅ ይላል።

በዚያው ሰሞን የአስካለ ወንድም አለሙ ሊጠይቀን መጣ። አለሙ እርሻ ነክ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ ክራቫት የማይለየው ልጅ ነው። ጓሮውን ዓይቶ አፉን በመሐረብ ሸፈነ፤ ሬሳ ያየ ይመስል።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ በእጅ የሚሆን አይደለም" አለኝ። "የአረም መድኃኒት በቆርቆሮ አመጣልዎታለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ መርጨት ነው።"

"ምኑን ነው የሚገድለው?"

"ቅጠለ ሰፊውን በሙሉ! ፈጅቶ ነው የሚለቀው።"

"ጎመንስ ቅጠሉ ምንድን ነው? መርፌ ነው?"

አለሙ ክራቫቱን አስተካከለ። ወደ ጎመኑ ተመለከተ። "እሱን እንኳ አጠይቃለሁ" አለ። ይኸው እስከ ዛሬ እያጠየቀ ነው። እኔ ግን በዚያች ክርክር ድል ስለነሣሁ እንደ ልማዴ ከመጠን አለፍኩ። እኔ እዚህ ቤት እያለሁ መርዝ የሚባል ነገር ጠብታ አይገባም፤ የሰው ልጅ እጅ የተሰጠው ለዚሁ ነው፤ ብቻዬን በባዶ እጄ አጸዳዋለሁ ብዬ ማልኩ። አስካለ ይህን ስትሰማ እጄን ብቻ አየት አደረገችው።

መጀመሪያ መጽሐፍ ገለበጥኩ። ደራሲው ፈረንጅ ነው። አረሙን በመኮትኮቻ ከሥሩ ቆርጠህ መሬት ላይ ተወው፤ ፀሐይ በራሷ ታደርቀዋለች ይላል። ምክሩ መልካም ነበር፤ የጎደለው ፀሐይዋ ብቻ ናት። ሰበታ ውስጥ በሐምሌ ፀሐይ የምትወጣው ሰው ልብሱን ካስገባ በኋላ፣ ልታስቆጨው ነው። ያን ሁሉ ሙጃ ቆርጬ አጋድሜ ገባሁ፤ በሦስተኛው ቀን በክርኑ ተደግፎ ተነሣ። ከአንዱ ሥር ሁለት ሆኗል። ፈረንጁ ምክሩን የጻፈው ለአረም ይመስላል።

ቀጥሎ ያው መጽሐፍ በመደቡ ላይ ገለባ ጎዝጉዝበት፤ አረሙ ብርሃን አጥቶ ይሞታል አለኝ። ከገበሬ የገብስ ገለባ አምጥቼ ጎዘጎዝኩ። አረሙ እንኳ ትንሽ ደንገጥ ብሎ ነበር። ግን ገለባው ውስጥ የቀረው ፍሬ ዝናብ ሲያገኝ ገብስ ሆኖ በቀለ። አሁን እንግዲህ ጎመን፣ ሙጃና ገብስ በአንድ መደብ ላይ ይዣለሁ። ቀንድ አውጣውም ለካ ከዝናብ መጠለያ ሲፈልግ ኖሮ ገለባው ሥር ቤተሰቡን ይዞ ገባ። አስካለ በሩ ላይ ቆማ፣ "ጠላ እንጥመቅ ይሆን፤ ገብሱ ደርሷል" አለች። ብዙ አትናገርም ብያችኋለሁ። ስትናገር ግን እንዲህ ነው።

ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ወፍጮ ቤት ጥግ ከዝናብ ተጠልዬ ሳለ ኦቦ ቱሉን አገኘኋቸው። ኦቦ ቱሉ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ከአንድ ጋራ ሌላው ጋራ የሚሰማ ገበሬ ናቸው። ለማንም ሰው ቀልድ አይነፍጉም። ገበያ ላይ እየተገናኘን ሰላምታ እንለዋወጣለን እንጂ ቤቴን አያውቁም።

"አካም ጅርቱ ኦቦ ቱሉ?" አልኩ። ይህችን ለምጃለሁ፤ ከዚህ ካለፉ ግን ወደ አማርኛ እሸሻለሁ።

"ፈያ! አንተስ? ምነው እንዲህ ከሳህ? ወረቀት ነው እንዴ የምትበላው?"

"አረም ፈጀኝ እባክዎ። እርሻዬ ከእጄ ሊወጣ ነው።"

እርሻዬ አልኩ። ጓሮዬ ብል ምን ነበረበት? ግን ገበሬ ፊት ቆሜ፣ ጫማዬ ጭቃ ነክቶ፣ ጓሮ የምትለው ቃል አነሰችብኝ።

"እርሻ አለህ እንዴ አንተ?" አሉ ዓይናቸው በርቶ።

"አለኝ እንጂ!"

"ጤፍ ነው?"

"አትክልት ነው።"

"ሰፊ ነው?"

"ለአንድ ሰው ብዙ ነው" አልኳቸው። ይህ ዛሬም ድረስ የማልክደው እውነት ነው።

ኦቦ ቱሉ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። "ታዲያ ምን ያስለቅስሃል? ሰው የለህም? እኛ ምንህ ነን? ሰው ጠርቼ እንወጣልሃለን። ደቦ ነው የምትፈልገው ወይስ ወንፈል?"

እዚህ ላይ "ልዩነታቸው ምንድን ነው?" ብዬ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር። ግን ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ትልቁ ጉዳቱ መጠየቅ ማፈሩ ነው። ደቦ ድግስ እንዳለው አውቃለሁ፤ ጠላ ይጠመቃል፣ በግ ይታረዳል። ወንፈል ደግሞ በጆሮዬ ሲሰማ ቀለል ያለ፣ ልከኛ ነገር መሰለኝ። ስለዚህ በሁለቱም ዕድሜ ልኩን እንደኖረ ሰው አንገቴን ነቅንቄ፣ "ወንፈል ይሁን" አልኩ።

ኦቦ ቱሉ ቀና ብለው አዩኝ። "ወንፈል?"

"ወንፈል።"

"ቶሌ፣ እሺ!" አሉና እጄን ጨበጡኝ። ሲጨብጡኝ ፈገግታቸው ትንሽ የበዛ መሆኑን ልብ ማለት ነበረብኝ።

ከዚያ ቀን መምረጥ መጣ። በሐምሌ መጨረሻ በዓል ያልሆነ ቀን ማግኘት ራሱ የአረም ያህል ጎንበስ ብሎ መፈለግ ይጠይቃል። አንዱን ቀን ስናነሣ ታቦት አለበት፣ ሌላውን ስናነሣ የእገሌ ማኅበር ነው፣ ሌላው ገበያ ነው። እኔም ብልጠት የመሰለኝን ሠራሁ፤ "ረቡዕ ይሁን" አልኩ። ረቡዕ ጾም ነው። ሥጋ የለም፤ ቅቤ የለም፤ ሽሮ ካለ ክብሬ አይነካም። እንዲህ ዓይነት ብልጠት ሲመጣልኝ የሚያስረኝ ሰው ቢኖር መልካም ነበር።

ለአስካለ "ረቡዕ ጥቂት ሰዎች ይመጣሉ" አልኳት። "ምን ያህል?" ስትለኝ "ጥቂት" አልኳት። እኔ የገመትኩት ኦቦ ቱሉንና ምናልባት ሁለት ጎረቤታቸውን ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ውሻችን ጮኸ። ከዚያ ጩኸቱን አቋርጦ አልጋ ሥር ገባ። ወጥቼ ባይ መንገዱ ሙሉ ሰው ነው። ገሣ የደረበ፣ ጆንያ በራሱ ላይ የደፋ፣ መኮትኮቻ የያዘ፣ ማጭድ ትከሻው ላይ ያንጠለጠለ፤ ዝናቡን ከምንም ሳይቆጥር እየሳቀ ይመጣል። ከወንዶቹ ኋላ ደግሞ ሚስቶቻቸው አሉ። ሰልፉ መጨረሻ የለውም። የሆነ ቦታ ግዳይ የጣለ ሠራዊት ይመስላል።

"ይኸው መጣን!" አሉ ኦቦ ቱሉ ከሩቁ። "እርሻው የት ነው?"

ወደ ኋላ መራኋቸው። ሰዎቹ ተከትለውኝ ግቢውን ሞሉ። በእጄ ጠቆምኩ። ዝናቡ ጆንያው ላይ ሲያርፍ ብቻ ይሰማል።

"ይሄ ነው?" አሉ ኦቦ ቱሉ።

"ይሄ ነው።"

"ከዚህ እስከ የት?"

"እስከ አጥሩ።"

አንድ ረጅም ሰውዬ ከኋላ አንገቱን አስግጎ አየ። "ኧረ ሰዎች፣ በሬዬ እዚህ ቢቆም ጭራው ጎረቤት ይውላል" አለ። ግቢው በሳቅ ተናወጠ። "ይሄማ የሚስቴ ሥራ ነው፤ ምጣድ ጥዳ እስኪሰማላት የምትጨርሰው!" አለ ሌላው። ሚስቱ ከኋላ ሰምታ፣ "አንተ ግን እስከ ማታ ትቆይበታለህ!" ብላ መለሰችለት። ሳቁ እንደገና ተነሣ። እኔም ሳቅሁ፤ ብቻዬን አለመሳቅ ያስፈራ ነበር።

"ዝም በሉ!" አሉ ኦቦ ቱሉ። "ወንድ ወጥቶ አይመለስም። ግቡ!"

ገቡ። ወይም የቻሉት ገቡ። አራት መደብ ላይ ያ ሁሉ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተደርድሮ ሲያጎነብስ መሬት የሚባል ነገር አልታይ አለ፤ የሚታየው ጀርባ ብቻ ነው። የአንዱ እጅ የሌላውን ሱሪ ያርማል። ዜማ አውጪው ጉሮሮውን ጠርጎ "ሆ!" ብሎ ጀመረ። ተቀባዮቹ ሊቀበሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሰልፉ አጥሩ ጋ ደርሶ ተጋጨ። አለቀ። ዜማ አውጪው እጁን እንዳነሣ ቀረ። "ገና አልጀመርኩም እኮ!" አለ፤ ከልቡ አዝኖ።

በዚህ መካከል አንዱ ከቆስጣዬ መደብ አጠገብ ቆሞ ጭንቅላቱን ሲያክ አየሁት።

"ይህን ቱልት ማን ነው በመስመር የተከለው?" አለ።

ቱልት ማለት ረግረግ አጠገብ የሚበቅል፣ ከብት እንኳ የሚያልፈው አረም ነው። "ቆስጣ ነው!" አልኩት በቁጣ። ሰውዬው አንዱን ነቅሎ ሥሩን አሳየኝ። ሥሩ እንደ ክንዴ ነው። ተሰብስበው መጡ፤ እየተቀባበሉ አዩት። አንዱ "ፍግ ሁሉ አድርጎበታል" ሲል ሰማሁት። ዘወር ብል አስካለ ቆማለች።

"አንቺ ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ይህን ሁሉ ጊዜ ስንከባከበው እያየሽ? ለምን አልነገርሽኝም?"

"ከጎመኑ እንድትርቅልኝ ብዬ ነው" አለች፤ ድምፅዋን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ።

ቱልቱን አንድም ሳያስቀሩ ነቀሉት፤ ገብሱንም ገለባውንም ጠራርገው አወጡ። ጎመኑ ብቻውን ቀረ፤ ለምለም፣ ንጹሕ፣ ቅጠሉ ሰፋፊ። ይህን ያህል ጎመን እንዳለን እንኳ አላውቅም ነበር። ፍልሰታን ችሎ ይተርፋል። በልቤ አማቴን ተሰናበትኳቸው።

ግን ገና ማለዳ ነው። ጾም ስለሆነ ከስድስት ሰዓት በፊት እህል አይቀመስም። ያ ሁሉ ሰው ደግሞ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ነውር መሰለው። አንዱ ተነሥቶ ግቢው መሐል ያለውን ሰርዶ መንቀል ጀመረ። ሌሎቹም ተነሡ። "ተዉት፣ እሱ ሣር ነው፣ ያምራል" ብል ማን ይስማኝ፤ ዜማ አውጪው በመጨረሻ የሚዘፍንበት መሬት አግኝቷል። ከበሩ እስከ ደጁ፣ ከአጥሩ ሥር እስከ መጸዳጃው መንገድ ግቢውን እንደ ተላጨ ራስ አደረጉት። ያን ግቢ ለካ ይዞት የነበረው ሰርዶው ነው። ዝናቡ ሲቀጥል ግቢው ተነሥቶ መሄድ ጀመረ። ለማመስገን ከደረጃው ስወርድ እግሬ ከዳኝ፤ ተቀምጬ ተንሸራትቼ ኦቦ ቱሉ እግር ሥር ደረስኩ።

"ጀባዱ፣ በርታ!" አሉኝ እያነሡኝ። "ይህን ያህል ምስጋና አያስፈልግም።"

ቤት ስገባ አስካለ ማዕድ ቤት በር ላይ ጠበቀችኝ። "ጥቂት ማለት ይህ ነው?" አለች።

"ሽሮ አለ አይደል?"

"ሽሮ ለአምስት ሰው ነው የሠራሁት። እንጀራውን ጫልቱና ሌሎቹ ከየቤታቸው እያስመጡልኝ ነው። ወጥ ግን የለም።"

ጫልቱ የኦቦ ቱሉ ባለቤት ናት። በዚህ ጊዜ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ቢላዋ ይዛ፣ እንደ ገዛ ቤቷ በማዕድ ቤታችን በር ወጥታ ወደ ጓሮ ስትሄድ አየኋት።

"ወዴት ነው የምትሄደው?" አልኩ። መልሱን አውቀዋለሁ።

"ጎመን ልትቆርጥ ነው" አለች አስካለ።

"የፍልሰታውን?"

"እና ያን ሁሉ ሰው ጾሙን ልስደደው? የአንተ እንግዳ ነው!"

"አስካለ፣ የአባትሽ ግቢ…"

"አውቃለሁ" አለችና እሷም ቢላዋ ይዛ ወጣች።

በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ሁለቱ ሴቶች ጎንበስ ብለው እየቆረጡ ያወራሉ፤ ይሳሳቃሉ። አስካለ ሰበታ ከገባን ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። በያንዳንዱ ቅጠል የአማቴ ድምፅ ይቀርበኝ ጀመር። ከዚያ ጎመኑ ተቀቀለ፣ ተከተፈ፣ በዘይትና በቃሪያ ታሸ፣ ለሰዎቹ ቀረበ። እንዳትጠራጠሩ፣ ጎመኑ ይጣፍጥ ነበር። ያ ሁሉ ሰው አጨበጨበለት። መደቦቹ ላይ አረም የለም፤ ጎመንም የለም። ጎረቤት ሁሉ ሊያየው የሚገባ ንጹሕ ጭቃ ብቻ ነው።

ከምሳ በኋላ ኦቦ ቱሉ ተነሥተው መረቁን። ቤቱ ይሙላ፣ እርሻው ይስፋ አሉ፤ ሰዎቹ አሜን ሲሉ ከንፈራቸውን ነክሰው ነው። ከዚያ ተቀምጠው መከራከር ጀመሩ። አማርኛውም ኦሮምኛውም ተደባልቆ ስለነበር መጀመሪያ አልገባኝም። አንዱ "የእኔ ጤፍ ቀድሞ ነው የተዘራው" ይላል፤ ሌላው "የእኔን ሙጃ ውጦታል፤ እኔ ልቅደም" ይላል።

"ምንድን ነው የምትከራከሩት?" አልኩ ጣልቃ ገብቼ። ክርክር ሲያመልጠኝ አልወድም።

"ያንተን ቀን ነዋ" አሉ ኦቦ ቱሉ። "ማን ጋ ቀድመህ እንደምትወጣ።"

"የምን ቀን?"

"የወንፈልህ!" ረጅሙ ሰውዬ ነው። "እኛ ቀናችንን ሰጠንህ። አንተም ለእያንዳንዳችን ቀንህን ትሰጣለህ። ደቦ ቢሆን ኖሮ አብልተህ አጠጥተህ ጨርሰህ ነበር። ወንፈል ያልከው አንተ ነህ!"

በቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ዞሬ አየሁት። አንድ በአንድ። ሁሉም ፈገግ ብሎ ያየኛል፤ እንደ ዘመድ።

"ግን እናንተ እኮ የሠራችሁት… ዜማው እንኳ አላለቀም!" አልኩ።

"ቀን ይዘንልህ መጣን" አሉ ኦቦ ቱሉ እጃቸውን ዘርግተው። "መሬት ያነሰህ አንተ። ቀናችን ምን አደረገ?"

ዕድሜዬን በሙሉ በክርክር ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ለዚህች ግን መልስ ፈለግሁ፤ አጣሁ። አሁንም እየፈለግሁ ነው።

ፍልሰታ ገባ። እነሆ ያ በባዶ እጄ አጸዳዋለሁ ያልኩት ሰውዬ በባዶ እጁ የሰበታን ጤፍ ያጸዳል። ጤፍ ያላረመ ሰው አረም አያውቅም። ጎመንና ሙጃ እንኳ በመልክ ይለያያሉ፤ ጤፍና የጤፍ አረም ግን በልጅነታቸው መንትዮች ናቸው። ሰዎቹ በረድፍ ሆነው እያዜሙ ያልፋሉ፤ እኔ ከኋላ አፍንጫዬን መሬት ላይ አድርጌ፣ መነጽሬ ላይ ዝናብ እየወረደ፣ አንዱን ሣር ይዤ "አንተ የማን ወገን ነህ?" እላለሁ።

"የከተማው መኪና የት ደረሰ?" ይላል ረጅሙ ሰውዬ ከፊት ሆኖ።

"ጎማው ተንፍሷል!"

"ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው፤ ግፉት!"

አንድ ጊዜ የምር መጥተው ገፉኝ።

ማታ ቤት ስገባ ወገቤ ከእኔ ዘግይቶ ይደርሳል። አንድ ምሽት በሩ ላይ ተደግፌ ቆምኩና ልነግራት ወሰንኩ።

"አስካለ፣ ተሸንፌያለሁ። ጓሮው ፍልሰታን አላበላንም። ዕቃችንን እንጫን።"

አስካለ ድንች እየላጠች ነው። ድንቹ የጫልቱ ነው። አጠገቧ ያለው ጎመን የረጅሙ ሰውዬ ሚስት የላከችው ነው። በሩ ጥግ ያለው ባቄላ እሸት ደግሞ ከማን እንደመጣ አላውቅም። እኔ በዋልኩበት ማሳ ሁሉ የማሳው እመቤት ለቤቴ አንድ ነገር ሳትልክ አታድርም።

"የምን መጫን?" አለች ቀና ሳትል።

"ቃልሽ ነው! ከጓሯችን ካልበላን እንመለሳለን ብለሻል።"

"በልተናል።"

"ጎመኑን የበላው ሕዝብ ነው!"

"እነሱ የእኛን በሉ፤ እኛ የእነሱን እንበላለን። ከጓሮ ወጣ አልወጣ?" ድንቹን ውኃ ውስጥ ጣለችው። "ለዓርብ ደግሞ ጫልቱ ጋ እሄዳለሁ። ለአዲስ ዓመት እዚሁ አብረን ነን። የት ነው የምሄደው?"

"አባትሽ ይናፍቁሻል እኮ" አልኩ፤ ድምፄ ራሴን አሳዘነኝ። "ደግ ሰው ናቸው። ግቢያቸው አስፋልት ነው። አንድም ሣር የለበትም።"

"አንተ ሂዳ" አለች። "ግን ቀኖችህን ጨርሰህ። የሰው ቀን ይዞ መጥፋት ያሳፍራል።"

እንግዲህ እኔ ከአማቴ ጋር የገጠምኩትን ክርክር አሸንፌ፣ ሰበታ እንድኖር ተፈርዶብኛል። መደቦቹ ላይ የተቆረጠው ጎመን እንደገና ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ከጎኑ ያለው ሙጃ ግን ቀድሞታል። አላየሁትም ብዬ አልፌዋለሁ፤ እሱም አላየኝም ብሎ ያድጋል።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። አዘኔታ ጤፍ አያርምም። አንተ ግን እዚህ ድረስ አንብበሃል፤ ሥራ የለህም ማለት ነው። ሰኞ የኦቦ ቱሉ ማሳ ነው፤ ትልቁ። ከአዲስ አበባ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈር፣ ሰበታ ገበያው ጋ ውረድ፣ ቤቴን ጠይቅ፤ ግቢው ሣር የሌለበት ብለህ ብትጠይቅ ማንም ያሳይሃል። መጽሐፍ ይዘህ አትምጣ። ና፣ አንድ ቀን እረምልኝ።